ያልተቀመሰው ሸንጂየን

እንግዳወርቅ በቀን እስከ አራት መቶ ሸንጂየን እየጠቀለለች ሁለት ዓመት ስትኖር አንዱንም ቀምሳ አታውቅም ነበር። ሰው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ይስቃል። ቀጥሎ፣ «ታዲያ ጨዉን በምን ታውቂዋለሽ?» ይላታል።

ጎረቤቴ ናት። ለንደን፣ ኬንቲሽ ታውን ውስጥ በአንድ የካውንስል ሕንፃ እኔ ሁለተኛ ፎቅ፣ እሷ ከነልጇ ሦስተኛ ፎቅ መኖር ከጀመርን አሥራ አራት ዓመት አልፎናል። ታሪኩን በአንድ ጊዜ አልነገረችኝም። ደረጃ ላይ ስንገናኝ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አውቶብስ ላይ፣ አንዳንዴም የገበያ ዘንቢሏን እያገዝኳት፣ እየቆራረሰች ነው። የገጣጠምኩት እኔ ነኝ።

ድሮ ሥራዋ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ፣ የአውሮፕላን ምግብ በሚዘጋጅበት ትልቅ ኩሽና ውስጥ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ነጭ ቆብ አጥልቃ፣ በየትሪው ላይ አንድ ዳቦ፣ አንድ ቅቤ፣ አንድ ትንሽ ሰላጣ ስትደረድር ኖረች። «ሰው ሲበላው አይቼው የማላውቀው ምግብ ነበር» ትላለች። «አሽገሽ ትልኪያለሽ፣ ሰማይ ላይ ይበላል። ወደዱት፣ ጠሉት፣ ወሬው አይደርስሽም።» በወረርሽኙ ጊዜ አውሮፕላኖቹ መሬት ላይ ሲቀሩ እሷም ከብዙ ሰው ጋር ሪደንደንት ሆና ከሥራ ተቀነሰች። ከዚያ አንድ ዓመት ያህል ቤት ተቀመጠች። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነበር። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ልጇ ሶልያና እዚሁ ለንደን ተወልዳ ያደገች፣ ፋርማሲ የምትማር ልጅ ናት። እናቷ ሶፋው ላይ እየኮሰሰች ስትሄድ ማየት አልቻለችም።

አንድ ቀን ስልኳን ይዛ መጣች። «ማሚ፣ ሃክኒ ውስጥ ኪችን ፖርተር፣ ዕቃ የሚያጥብ፣ ይፈልጋሉ። አፕላይ አድርጌልሻለሁ። ነገ ጠዋት ትሄጃለሽ።»

«ምን ዓይነት ቤት ነው?»

«ቻይኒዝ ነው። የዳምፕሊንግ ቤት። በጣም ኪዩት ነው፣ ማሚ፣ ብቻ ሂጂ።»

በማግስቱ ኦቨርግራውንድ የሚባለውን ባቡር ይዛ ሄደች። ቤቱ ስምንት መቀመጫ ብቻ ያላት ጠባብ ሱቅ ናት። ምድጃው ከመንገዱ መስኮት ሥር ስለሆነ አላፊ አግዳሚው ሥራውን እያየ ያልፋል። ከምድጃው ፊት ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቁመታቸው የእንግዳወርቅ ትከሻ ጋ የማይደርስ ሴት ቆመዋል። ሚስስ ጉ ይባላሉ። ከሻንጋይ የመጡ ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቤቱን ብቻቸውን ነው የያዙት። ሠራተኞቹ አዪ ይሏቸዋል፣ አክስቴ እንደ ማለት ነው። እሳቸውና እንግዳወርቅ የሚነጋገሩት በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም፤ እንግዳወርቅ ግን ስትነግረኝ አንድም ቀን «እሷ» ብላቸው አታውቅም፣ እኔም አልልም።

አዪ ስለ ልምዷ አልጠየቋትም። «እጅሽን ስጪኝ» አሉና ጨብጠው ያዙት። «ቀዝቃዛ ነው። ጥሩ። ትኩስ እጅ ሊጥ ያበላሻል።» ሥራው በዚያው ተገኘ።

ስሟን ግን አልቻሉትም። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከሩና «እንጂ» ላይ ቆሙ። «እንጂ፣ ሳህን! እንጂ፣ ዘይት!» እንግዳወርቅ የመጀመሪያውን ሳምንት ማጠቢያው ላይ አጎንብሳ ብቻዋን ስትስቅ ነው የከረመችው። ቤት ስትገባ ሶልያናን፣ «ከዛሬ ጀምሮ ስሜ እንጂ ነው» አለቻት። ሶልያና ቀልዱ አልገባትም፤ ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀ።

ሸንጂየን የሻንጋይ ሰዎች ቁርስ ነው። ሳምቡሳ አይደለም፣ ዳቦም አይደለም፣ የሁለቱ ዘመድ ነው። ትንሽ ኩፍ ያለ ሊጥ እንደ መዳፍ ይዳመጥና መሐሉ ላይ የተፈጨ የአሳማ ሥጋ፣ ከሥጋው ጋርም ቀዝቅዞ እንደ ጄሊ የረጋ መረቅ ይቀመጥበታል። አፉ በጣት እየታጠፈ ይዘጋል። ከዚያ ሰፊ ጠፍጣፋ የብረት መጥበሻ ላይ ትከሻ ለትከሻ ይደረደራል። ዘይት ይገባል፣ ትንሽ ቆይቶ ውሃ፣ ወዲያው የእንጨት ክዳን ይከደናል። ከክዳኑ ሥር የሚሰማው ጩኸት ወደ ሹክሹክታ ሲወርድ ደርሷል ማለት ነው። ላዩ እንደ ዳቦ የለሰለሰ፣ ሥሩ እንደ ቆሎ የሚንኮሻኮሽ፣ የረጋው መረቅ ደግሞ ቀልጦ ሆዱ ውስጥ ሾርባ የሆነ ነገር ይወጣል። በላዩ ሰሊጥና የተከተፈ የሽንኩርት ቅጠል ይነሰነስበታል።

ይህን ለመብላት ብለው ባሕር አቋርጠው የሚመጡ ሰዎች አሉ። ሻንጣቸውን ሆቴል ሳያደርሱ በቀጥታ ወደ ሃክኒ የሚመጡ፣ ከመብላታቸው በፊት አምስት ጊዜ ፎቶ የሚያነሱ። አብዛኞቹ እንደ ሳምቡሳ ገመጥ ያደርጉትና ሾርባው ሸሚዛቸው ላይ ይፈነዳል። አዪ ግድግዳው ላይ በትልቁ ጽፈው ለጥፈዋል፦ «በትንሹ ነከስ፤ እፍ፤ መጠጥ፤ ከዚያ ብላ።» የሚያነበው ግን ከተቃጠለ በኋላ ነው።

እንግዳወርቅ ሦስት ወር ሳህን አጠበች። ለእሷ ትልቁ ነገር ሳህኑ ነበር። ሂትሮው ሳለች ወሬው የማይደርሳት ሴት አሁን እያንዳንዱ ሰው የበላውንና የተወውን በእጇ ታየዋለች። ባዶ ሳህን ሲመጣላት ራሷ እንዳበሰለችው ሁሉ ደስ ይላት ነበር።

በአራተኛው ወር አዪ ጠሯት። አውራ ጣታቸው በቁርጥማት አብጦ ነበር። አንድ ቁራጭ ሊጥ መዳፏ ላይ አስቀመጡና እጇን ከላይ በእጃቸው ይዘው ማጠፍ አሳዩዋት። የመጀመሪያው ሥራዋ የተጨማደደ ካልሲ መሰለ። አዪ አላረሙትም፤ መጥበሻው ላይ ከሌሎቹ ጋር ደረደሩትና ራሳቸው በሉት። እንግዳወርቅ ያን ሳምንት ቤቷ ሊጥ አቡክታ፣ ውስጡ ምስር እየከተተች ስትለማመድ ሶልያና በላይ በላዩ በላችላት። ከሁለት ወር በኋላ እጇ ከአዪ እጅ ይፈጥን ጀመር።

ችግሩ የመጣው ከሌላ በኩል ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ምግብ ማቅረብ ትወድ ነበር። አንድ ቀን ቲጂ የምትባል፣ ክፉ ያልሆነች ግን አፏን የማትይዝ ሴት፣ ሰው እየሰማ፣ «እንግዳዬ፣ ሳምንቱን ሙሉ አሳማ ሲያቦካ በዋለ እጅ ነው እኛን የምታጎርሺን?» አለቻት። የሳቀ ሳቀ። እንግዳወርቅ ጭልፋውን አስቀምጣ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች። የሚቀጥለውን እሑድ ከኋላ ቆማ አስቀድሳ ማንንም ሳታነጋግር ወጣች።

በሦስተኛው ሳምንት የንስሐ አባቷ፣ አባ ኃይለመለኮት፣ ራሳቸው አስጠሯት። ነገሩን ሰምተው ነበር።

«ትበያለሽ?» አሏት።

«አልበላም፣ አባቴ።»

«ሰው ታበያለሽ?»

«አበላለሁ።»

«እንግዲያስ እጅሽን በሳሙና ታጠቢና ሥራሽን ሥሪ። እኔም ቅስና ሳልቀበል ሂትሮው ሻንጣ ስጭን ሰባት ዓመት ኖሬያለሁ። የማንንም ሻንጣ ከፍቼ ውስጡን አላየሁም።»

በሚቀጥለው እሑድ ጭልፋውን መልሳ ያዘች።

በሁለተኛው ዓመት፣ በጥር ብርድ፣ አዪ ታመሙ። ሱቁ ሁለት ሳምንት ተዘጋ። በርሚንግሃም የምትኖረው ልጃቸው መጥታ አስታመመቻቸው። ሲመለሱ ከስተው ነበር፤ ግን የተፈጨውን ሥጋ በራሳቸው እጅ አሹ፣ ቅመሙን ጨመሩ፣ እንደ ድሮው መስኮቱ ጋ ቆሙ። እንግዳወርቅም ደስ አላት።

ሳህኖቹ ግን ሌላ ወሬ ይዘው መመለስ ጀመሩ። አንዱ ላይ ሁለት ይተርፋል፣ ሌላው ላይ ግማሽ። በየሳምንቱ ማክሰኞ የሚመጣ አንድ ፖስተኛ አለ፣ ኮምጣጤውን ሳይቀር ጠርጎ የሚበላ። እሱ ሦስቱን ትቶ፣ ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ። በማግስቱ አንዲት ሴት ውሃ ደጋግማ ጠየቀች። አንድ ቀን ደግሞ አንድ ደንበኛ ምግቡን ጭራሽ ጨው አልነካውም አለ። እንግዳወርቅ ባለሙያን ማረም ነውር ሆኖባት ሳህኑን ማጠቧን ቀጠለች።

አንድ ጠዋት፣ ሱቁ ሳይከፈት፣ ማጠቢያው ጋ ቆማ ሳለ አንድ የኮመጠጠ ሽታ መታት። ዞር ስትል አዪ የአኩሪ አተር ወተት በትልቅ ኩባያ ቀድተው እየጠጡ ናቸው።

«አዪ! ተበላሽቷል እኮ!»

አዪ ቆሙ። ኩባያውን ተመለከቱት። ግማሹን ጠጥተውታል። ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና እሳቸውም ወንበር ላይ ቁጭ አሉ።

«ከታመምኩ ወዲህ ምንም አይሸተኝም» አሉ። «ምንም አይጣፍጠኝም። ሻይ ሙቅ ውሃ ነው። ሸንጂየን ሙቅ ወረቀት ነው።»

«ለማን ነገሩ?»

«ላንቺ። አሁን።»

ልጃቸው ብትሰማ ሱቁን በዚያው ቀን እንደምታዘጋው ያውቃሉ። ሐኪሙ፣ ማሽተቱ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል ብሏቸዋል። አዪ ዕድሜ ልካቸውን ለክተው አያውቁም። ሥጋው ከቀን ቀን ይለያያል፣ ዝንጅብሉ ይለያያል፣ የአኩሪ አተር ስጎው እንደ ጠርሙሱ ነው። እጃቸው ይሠራ የነበረው ምላሳቸው እየነገረው ነበር፤ አሁን ምላሱ ዝም ብሏል።

ከዚያ እንግዳወርቅ የፈራችውን ጠየቋት። «እንጂ፣ አንቺ ቅመሽልኝ። ጠዋት ጠዋት አንድ ብቻ። ማንም አያውቅም።»

«አልችልም፣ አዪ» አለች። «ሌላ የፈለጉትን ይጠይቁኝ።»

አዪ አልተቆጡም። እጇን መታ መታ አደረጉና ተነስተው ሊጡን ማሸት ጀመሩ። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። ቀኑን ሙሉ አንገቷን ደፍታ ዋለች።

ወደ ቤቷ ስትመለስ ባቡሩ ውስጥ ትዝ ያላት እናቷ ናቸው። ደብረ ብርሃን፣ በፋሲካ ዋዜማ፣ ዶሮ ወጡ ሲሠራ። ሠሪዎቹ ሁሉ ጾመኛ ናቸው፤ ሃምሳ አምስት ቀን ጾሞ የመጨረሻዋን ቀን በጭልፋ ጫፍ የሚሽር ሰው የለም። እናቷ ክዳኑን ገለጥ ያደርጉና እንፋሎቱን በእጃቸው ወደ አፍንጫቸው ይስቡታል። ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ይቆያሉ። «ጨው አንሶታል» ወይም «በቃ፣ አትንኩት» ይላሉ። ሌሊት ሲፈሰክ ወጡ ልክ ሆኖ ይገኛል። እንግዳወርቅም ባለትዳር ሆና ለንደን ውስጥ ሃያ ፋሲካ እንዲሁ ሠርታለች። ይህን እንደ ሙያ ቆጥራው አታውቅም። ሁሉም ሴት የሚያደርገው ነው።

በማግስቱ ካፖርቷን ሳታወልቅ አዪ ፊት ቆመች። «አልቀምስም። ግን ላሽትልዎ?»

«የባሌ እናት የሰሜን ቻይና ሰው ነበረች» አሉ አዪ። «እሷም ጥሬውን ታሸት ነበር። የገጠር ሴት እያልኩ እስቅባት ነበር።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ ከመክፈቻው አንድ ሰዓት ቀድመው ይመጡ ጀመር። አዪ ሦስት ትንንሽ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ጥሬ ሥጋ ያሻሉ፤ አንዱ ጨው የሌለው፣ አንዱ ልክ የሆነ፣ አንዱ የበዛበት። እንግዳወርቅ ዓይኗን ጨፍና ታሸታለች። የመጀመሪያውን ቀን ሦስቱንም ሳተች። የዶሮ ወጥ ሽታ ታውቃለች እንጂ ይህ ሌላ አገር ነው። የሩዝ ወይኑ ጨዉን ይሸፍነዋል፣ የሰሊጥ ዘይቱ ሁሉንም ይሸፍናል። አዪ አልቸኮሉም። አንዱን ቅመም ብቻውን፣ ቀጥሎ ሁለቱን አንድ ላይ፣ እያሉ አስሸተቷት። በሁለተኛው ሳምንት እንግዳወርቅ አንዱን ሳህን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ፣ «ይኼ ስኳር ጎድሎታል» አለች። አዪ ስኳሩን ሆን ብለው ነበር የተዉት። ፊታቸው በራ።

ማክሰኞ ፖስተኛው መጣ። እንግዳወርቅ ከማጠቢያው ጀርባ ሆና በዓይኗ ጠበቀችው። አንዱን በላ። ሁለተኛውን በላ። ስምንተኛው ሲያልቅ ሳህኑን ራሱ ይዞ መጣና፣ «ዛሬ ድነዋል ማለት ነው» አላቸው ለአዪ። እሱ ስለ ሕመማቸው ነበር የተናገረው። አዪ ግን ወደ ጓዳ ገብተው ፊታቸውን ታጠቡ።

እንዲህ እያሉ ሰባት ወር ያህል ሠሩ። ምስጢሩን ሁለቱ ብቻ ያውቁ ነበር።

በመስከረም አንድ ቅዳሜ፣ ምግብ ወዳድ ተጓዦችን በከተማው እያዞረ የሚያስጎበኝ አንድ ወጣት ዘጠኝ ሰዎች ይዞ መጣ። ከስዊድን፣ ከብራዚል፣ ከኮሪያ የመጡ ነበሩ። ሱቁ ሞላ፤ ግማሹ ቆሞ በላ። አስጎብኚው ስልኩን ወደ አዪ አዞረና፣ «ሚስስ ጉ፣ እስቲ አንድ ይቅመሱና ምን ምን እንደሚሰማዎት ለእንግዶቹ ይንገሩልን» አላቸው።

አዪ አንዱን በቾፕስቲክ አነሱ። ነከስ፣ እፍ፣ መጠጥ አደረጉ። ሁሉም ይጠብቃል። ሠላሳ ዓመት የተናገሩትን ደግመው ማለት ይችሉ ነበር፤ ቃሉ ግን አልወጣ አለ።

እንግዳወርቅ እርጥብ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወደ ፊት መጣች። በሰው ፊት እንግሊዝኛ መናገር የሚያስፈራት ሴት ናት።

«መጀመሪያ ዝንጅብል ይመጣል» አለች። «ግን አይቆይም። ከዚያ የሩዝ ወይን፣ እሱ ጣፋጭ ነው። አኩሪ አተሩ ከሥር ነው፣ እንደ መሠረት። ስኳር አለ፤ ሻንጋይ ውስጥ ስኳር ካልገባ ሸንጂየን አይባልም። የሰሊጥ ዘይቱ መጨረሻ ነው የሚገባው፣ ሦስት ጠብታ። ዛሬ ሁለት ነው ያስገባነው፣ ምክንያቱም ሥጋው ራሱ ሰባ ያለ ነበር።»

ተጓዦቹ አንገታቸውን እየነቀነቁ፣ እየቀመሱ ሰሟት። ብራዚላዊቷ፣ «ግሩም ምላስ አለሽ!» አለቻት።

«እኔ በልቼው አላውቅም» አለች እንግዳወርቅ። «ኦርቶዶክስ ነኝ። አሳማ አንበላም። ማሽተት ብቻ ነው።»

ሳቅ ሆነ። ሳቁ ሳያልቅ አዪ ቾፕስቲኩን አስቀምጠው፣ «እኔም አይጣፍጠኝም» አሉ። ጮክ ብለው ነበር። «አፍንጫዬ ከሞተ ስምንት ወር ሆነው። እዚህ ቤት የምትቀምሰው እሷ ናት።»

አስጎብኚው ስልኩን ዝቅ አደረገ። ከዚያ ከተጓዦቹ መሐል አንድ ሽማግሌ ተነስቶ ለአዪ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳቸው፤ ለእንግዳወርቅም እንዲሁ። ተመልሶ ተቀምጦ የቀረውን በላ።

የበርሚንግሃሟ ልጅ ወሬውን ሰምታ በሳምንቱ መጣች። ልታዘጋ ነበር የመጣችው። ጠዋት ከሁለቱ ጋር ቆማ የጎድጓዳ ሳህኖቹን ሥራ አየች፣ ቀትር ላይ በላች፣ ማታ ላይ እናቷን አቅፋ፣ «ለምን አልነገርሽኝም?» ከማለት በቀር ምንም አላለችም። ሱቁም አልተዘጋ።

እኔ ከዚህ ሁሉ የምወደው ግን የሁዳዴውን ነው።

ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ሱቁ ዝግ በሆነበት ቀን፣ አዪ እንግዳወርቅን ጠሯት። ስትደርስ ምድጃው ላይ ትንሽ አዲስ መጥበሻ ተጥዷል። «ሥጋ አልነካውም» አሉ ገና ከበሩ። «ቢላውም አዲስ ነው። ጠረጴዛውን ሦስት ጊዜ አጥቤዋለሁ።» ውስጡ ዘፍዝፈው የከተፉት የደረቀ እንጉዳይ፣ ቶፉ የሚሉት የአኩሪ አተር አይብ፣ ጥቅል ጎመን ነበር። መረቁን ያረጉት ከባሕር አረም በሚሠራ ዱቄት ነው። ጠቅልለውት ነበር፣ በዚያ ባበጠ አውራ ጣት። እጥፉ ጠማማ ነበር።

«ብዪ» አሉ።

እንግዳወርቅ ሁለት ዓመት ሙሉ ለሰው ሁሉ ስታሳይ የኖረችውን ረሳችና እንደ ሳምቡሳ ገመጠችው። ሾርባው አገጯን አቃጠላት። አዪ ግድግዳው ላይ ወደ ለጠፉት ጽሑፍ በጣታቸው እያመለከቱ ተንከተከቱ። ሁለተኛውን በሥርዓቱ በላችው።

አዪ ወንበራቸውን አስጠጉ። «ንገሪኝ።»

«ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው።»

«እሱን አይደለም። ንገሪኝ።»

እንግዳወርቅ በእንግሊዝኛ ሞከረች። ሦስት ቃል ተናግራ አለቀባት። አዪ፣ «በራስሽ ቋንቋ ንገሪኝ» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

በአማርኛ ነገረቻቸው። «ሥሩ ጥርስ ላይ ቀጭ ይላል፣ አዪ። ከዚያ ለስለስ ይላል። እንጉዳዩ ሥጋ ሥጋ ይላል፣ ግን አይከብድም። ጎመኑ ጣፈጥ ይላል። ዝንጅብሉ ተደብቆ ቆይቶ ጉሮሮ ጋ ሲደርስ ሰላም ይላል። ኮምጣጤው ደግሞ እንደ ሕፃን ነው፤ ይጮሃል፣ ወዲያው ዝም ይላል። ቤት ያለ ሰው የሠራው ነው የሚመስለው። ሰው የሚጠብቅ ሰው።» እየነገረቻቸው እንባዋ መጣ፤ ከሂትሮው ወጥታ ሶፋ ላይ የተቀመጠችበት ዓመት፣ ባሏ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣባት። አዪ ቃሉ አልገባቸውም። እጇን ይዘው፣ ድምፅዋ ከፍ ዝቅ ሲል ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ ሰሟት።

ስትጨርስ ዓይናቸውን ገለጡ። «ጨዉስ?»

እንግዳወርቅ አመነታች። «ትንሽ አንሶታል።»

አዪ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

የጾሙ ሸንጂየን ረቡዕና ዓርብ መሸጥ ጀመረ። በዚያው ሁዳዴ ከቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ይመጡ ጀመር፤ ቲጂም ከነጓደኞቿ መጣች። በልታ ስትጨርስ ማጠቢያው ድረስ ገብታ፣ «እንግዳዬ፣ ያኔ ስላልኩሽ ነገር…» ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም። እንግዳወርቅ፣ «አገጭሽን ጥረጊ፣ ሾርባ ነክቶሻል» አለቻት። በዚያ ታረቁ።

አዪ ባለፈው ዓመት መቆም ሲያቅታቸው ወደ ልጃቸው በርሚንግሃም ሄዱ። መስኮቱ ጋ አሁን የምትቆመው እንግዳወርቅ ናት። ሁለት ሴቶች ቀጥራለች፤ ሲቀጠሩ እጃቸውን ጨብጣ ታያለች። ሶልያና ተመርቃ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። በወር አንድ ሰኞ እናትና ልጅ ባቡር ይዘው አዪን ሊጠይቁ ይሄዳሉ፤ እንግዳወርቅ ትጠቀልላለች፣ ሶልያና ታወራለች፣ አዪ ያዳምጣሉ።

በግንቦት ሄደው ሳለ፣ እንግዳወርቅ አዪን ወደ ጓሮ በሚወስደው በር ላይ ቆመው አገኘቻቸው። በሩን ከፍተው መቃኑ ላይ ተደግፈዋል።

«እንጂ» አሉ በሹክሹክታ፣ «ዝናብ ይሸተኛል።»

እንግዳወርቅ ቀና ብላ አየች። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ደመና የለም። መስሏቸው ይሆን ብላ ፈራች። ጠጋ ብላ እሷም አሸተተች። እውነትም የራሰ አፈር ይሸታል። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቱ በቱቦ አበባውን እያጠጣ ነበር።

«ዝናብ አይደለም፣ አዪ። ሰውየው አትክልት እያጠጣ ነው።»

«ይሁን» አሉ አዪ። «አትዝጊው።»

በሩን ክፍት ትተው፣ ሰውየው አጠጥቶ እስኪጨርስ ድረስ ሁለቱም እዚያው ቆሙ።